ሎሚና ቢካርቦኔት የኢንፌክሽን ጠጠርን አያስቀርም፤ ሰሞኑን ለሚዞረው ጽሑፍ መልስ

ሰሞኑን እዚህ ጂማ ከስልክ ስልክ እየዞረ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ፣ እኔ ጋ ብቻ ከሦስት ሰው ደርሶኛል። የኢንፌክሽን ጠጠርን ቤት ውስጥ እንዴት እንከላከል ነው ነገሩ፣ ማለትም የሽንት ኢንፌክሽን ተከትሎ ኩላሊት ወይ ፊኛ ውስጥ ስለሚሠራው ጠጠር። ስድስት ምክር አለው፣ ውሃ በደንብ ጠጡ ሽንትም አትያዙ፣ ጠዋት ጠዋት ሎሚና ቢካርቦኔት ጠጡ፣ አሸዋ ያለበት እንጀራ ቲማቲም ወተት ምናምን ተዉ፣ ሽንት ሲያቃጥላችሁ ከፋርማሲ ሲፕሮ ወይ ቴትራሳይክሊን ገዝታችሁ ቶሎ አጥፉት፣ ጠጠሩ አንዴ ከተሰበረ የቀረው ፍርፋሪ በራሱ ይወጣል አትጨነቁ፣ ካቴተር፣ ማለትም ሽንትን ከፊኛ ወደ ከረጢት የሚያወርድ ቱቦ፣ ያለው ሰው ደግሞ በየቀኑ ቱቦውን ከከረጢቱ ነቅሎ በዴቶል ይጠብ አንቲባዮቲክም ሳያቋርጥ ይዋጥ ይላል።

ጸሐፊው ሰው ለመጉዳት አስቦ የጻፈው አይመስለኝም፣ አጻጻፉም የደግ ሰው ነው። ግን እኔ ነርስ ነኝ፣ ካቴተር ያላቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ነው ማየው፣ እና ከነዚህ ምክሮች ውስጥ ሰው ኩላሊቱን ሊያጣበት የሚችል ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም። በተራ በተራ እመልሳለሁ፣ አንዳንዱ ላይ እቆያለሁ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደተቆጣሁ ልንገራችሁ። ሂርማታ በኩል አንድ አባት አሉ፣ ፕሮስቴታቸው አብጦ ሽንት ሲከለክላቸው ካቴተር ገባላቸውና የኦፕራሲዮን ተራ እየጠበቁ ነበር፣ ካቴተሩ የገባላቸው ቦታ ደግሞ ስለ አያያዙ አንድ ቃል ሳይነግራቸው ነው ወደ ቤት የሸኛቸው። አንድ ቀን ጠዋት ልጃቸው ደወለችልኝ፣ «እህቴ፣ አባባ ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት ነው ያደረው፣ ከረጢቱ ውስጥ ጠብታ የለም» አለችኝ። ስደርስ ሆዳቸው ከእምብርት በታች ተወጥሮ ድንጋይ ሆኗል፣ ሽንቱ በቱቦው መሄድ አቅቶት በጎን በጎን እየሾለከ አንሶላውን አርሶታል፣ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ዓይን የሚያቃጥል የአሞንያ ሽታ። ቱቦው እንዳይወጣ ፊኛ ውስጥ በውሃ ተነፍቶ የሚይዘውን ኳስ ውሃውን በሲሪንጅ ስቤ ቱቦውን ሳወጣው ጫፉ ነጭ ነበር። በጓንቴ ሻሸት ሳደርገው ይንኮሻኮሻል፣ ማንቆርቆሪያ ታች ላይ እንደሚጋገረው ዓይነት ቅርፊት ነው፣ ፍርፍር ብሎ መዳፌ ላይ አሸዋ ሆኖ ቀረ። የቱቦው ቀዳዳ ስንደዶ እንኳን አያሳልፍም። አባባ መዳፌን እያዩ «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ከኔ ውስጥ ነው የወጣው?» አሉኝ።

አልትራሳውንድ ሲነሱ ፊኛቸው ውስጥ ጠጠር ተገኘ። እና ልጅቷ ለካ በየጠዋቱ ቢካርቦኔት በጥብጣ ታጠጣቸው ነበር፣ ኩላሊት ያጥባል ብላት ጎረቤት። ጠጠሩን ያመጣው ቢካርቦኔቱ ነው አልልም፣ ያመጣው ጀርሙ ነው። ግን ያቺ ልጅ አባቷን የምትንከባከብ መስሏት ሳታውቅ ጀርሙን ነበር ምታግዘው፣ ስነግራት እንዴት እንዳለቀሰች አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። እና ያንኑ ምክር ጽሑፍ ሆኖ፣ አምሮ ተሽሞንሙኖ፣ ራሷ ልጅቷ «እህቴ ይሄ እኮ ያው ነው፣ ሰው ሁሉ እየላከው ነው» ብላ ስትልክልኝ ምን እንደተሰማኝ አስቡት።

አሁን ወደ ነገሩ። ጽሑፉ ከመነሻው የሳተው የኩላሊት ጠጠርን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየቱ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ጋ የሚገኘው ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ነው፣ የዩሪክ አሲድ ጠጠር አለ፣ እና የኛ ጉዳይ የሆነው ስትሩቫይት የሚባለው አለ፣ ማግኒዝየም አሞንየም ፎስፌት ነው። ስሙ እንኳን ከሰው አካል አይደለም የመጣው፣ በፈረንጆች 1845 ኡሌክስ የሚባል ሰው ጀርመን ሃምቡርግ ውስጥ አፈር ውስጥ የተገኘውን ክሪስታል መርምሮ ፎን ስትሩቭ በሚባል ሰው ስም የሰየመው ነው፣ ዛሬም የትልልቅ ከተሞች ፍሳሽ ማጣሪያዎች ቧንቧቸው በዚሁ ነገር እየተደፈነ ይቸገራሉ።

እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ዩሪያን አስቡት፣ ማዳበሪያውን። ሰቃም ቀርሳም ሂዱና ገበሬ ጠይቁ፣ ዩሪያ ማሳ ላይ ተበትኖ አፈር ሳይለብስ ከቆየ ይባክናል ይሏችኋል፣ አሞንያ ሆኖ ወደ አየር ነው የሚሄደው፣ ይሄንን የሚያደርገው ደግሞ አፈር ውስጥ ያለ ዩሪኤዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሽንታችን ውስጥ ያለውም ያው ዩሪያ ነው። ፕሮቲየስ የሚባለው ጀርም፣ አንዳንዴም ክሌብሲየላ፣ ፕሮቪደንሺያ፣ ሞርጋኔላ፣ ይሄንኑ ዩሪኤዝ ይዘው ፊኛ ሲገቡ ዩሪያውን ይሰነጥቁታል፣ ከአንዱ ዩሪያ ሁለት አሞንያ ይወጣል፣ ሽንቱ አሲድነቱን ትቶ ወደ ተቃራኒው ወደ አልካላይን ይዞራል። ፒኤች ይሄንን የሚለካው ቁጥር ነው፣ ከ7 በታች አሲድ ከ7 በላይ አልካላይን፣ የጤነኛ ሰው ሽንት ፒኤቹ 6 አካባቢ ነው፣ 7.2ን ሲያልፍ ግን ሽንቱ ውስጥ ሟሙተው የነበሩት ማግኒዝየምና ፎስፌት ከአሞንየሙ ጋር ተያይዘው መርጋት ይጀምራሉ፣ ሲረጋ ደግሞ ጀርሙን ውስጡ ይዞ ነው የሚረጋው፣ ስለዚህ ጠጠሩ ለጀርሙ ቤት ይሆነዋል ማለት ነው፣ አንቲባዮቲክ ስትውጡ ደጅ ያለው ይሞታል ቤት ውስጥ የተቀመጠው ይተርፋል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ተመልሶ ይወጣል። እና እንደ ካልሲየሙ ጠጠር ዓመታት አይፈጅም፣ በሳምንታት ውስጥ አድጎ የኩላሊቱን ክፍሎች እየሞላ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ የሚያወጣበት ጊዜ አለ።

አንድ የሚያጽናና ነገርም ልጨምር፣ ሽንት ያቃጠለው ሁሉ ጠጠር ይዞታል ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም የሽንት ኢንፌክሽን በብዛት የሚያመጣው ኢ ኮላይ ይሄ ዩሪኤዝ የለውም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው የትኛው ጀርም ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉም በፊት የሚመጣው፣ ጽሑፉ ደግሞ ይሄን ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ እንኳን አያነሳም!

ውሃ ጠጡ፣ ሽንት አትያዙ የሚለውን እቀበላለሁ፣ ከስድስቱ እሱ ብቻ ነው ሳልከራከር የምፈርምበት። እዚህ ጂማ ዝናቡ ስለማይለቀን ሰው ጥሙን ይረሳል፣ ጠዋት ቡና ከሰዓት ቡና ማታ ቡና፣ ውሃ በመሀል የለም። ጫት ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ጨዋታው እንዳይቋረጥ ሽንቱን ለሰዓታት ይዞ ይቀመጣል፣ ይሄ መጥፎ ልማድ ነው፣ ተኝቶ የቆየ ሽንት ለጀርም ይመቻል። ግን ጽሑፉ ውሃ ጠጠርን ያጠፋል ብሎ የጠቀሰው ነገር የካልሲየም ጠጠር ነገር ነው። በፈረንጆች 1996 የታተመ የጣሊያን ጥናት አለ፣ አንዴ የካልሲየም ጠጠር የያዛቸውን ሰዎች 5 ዓመት ተከታትሎ ብዙ ውሃ እንዲጠጡ የተደረጉት ላይ ጠጠሩ 12 በመቶው ጋ ብቻ ተመለሰ፣ ሌሎቹ ጋ 27 በመቶ። በጣም ጥሩ ውጤት ነው፣ ለዛ ጠጠር። የኢንፌክሽኑን ጠጠር ግን ጀርሙ እስካለ ድረስ ውሃ ብቻውን አያቆመውም፣ ውሃው ሽንቱን ያቀጥነዋል ያጥበዋል፣ ያግዛል፣ ዩሪኤዙን ግን አያስቆመውም። የልብ ወይ የኩላሊት ድካም ኖሮበት ውሃ ቀንስ የተባለ ሰው ደግሞ የሐኪሙን ነው የሚሰማው እንጂ የኔንም የጽሑፉንም አይደለም።

ሎሚና ቢካርቦኔት የሚለው ላይ ሁለቱን መለየት አለብን፣ ጽሑፉ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ስለከተታቸው ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይመስለዋል። ሎሚ ጠላት አይደለም። ውስጡ ያለው ሲትሬት ካልሲየምና ማግኒዝየምን ስለሚይዝ ለካልሲየም ጠጠር ይጠቅማል፣ ካቴተር ያለው ሰውም ከብዙ ውሃ ጋር ቀጭን የሎሚ ውሃ ቢጠጣ ቱቦው ላይ ክሪስታሉ ቶሎ እንዳይረጋ ሊያግዘው እንደሚችል ያሳዩ ሥራዎች አሉ። ግን ጀርም አይገድልም፣ የተሠራ ጠጠርም አያሟሟም። ሎሚ ኮምጣጣ ስለሆነ ሽንትን አሲድ ያደርገዋል የሚለውም ልክ አይደለም፣ ሲትሬቱ አካላችን ውስጥ ሲቃጠል የሚቀረው ቢካርቦኔት ነው።

ቢካርቦኔቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የጀርሙ ሥራ ምን ነበር ያልነው፣ ሽንቱን አልካላይን ማድረግ። ቢካርቦኔት ስትጠጡ የምታደርጉት ያንኑ ነው! ለዩሪክ አሲድ ጠጠር ሐኪም ራሱ ሽንቱን አልካላይን የሚያደርግ መድኃኒት ያዛል፣ ምክሩ ከዛ ተነቅሎ የመጣ ይመስለኛል፣ እዛ የሚያድነው እዚህ በተቃራኒው ነው የሚሠራው። አምቦ ውሃም ቢካርቦኔት አለበት፣ አንዳንዴ ከምግብ ጋር አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ የሚታመም ሰው የለም፣ ኩላሊት ያጥባል ብሎ በየቀኑ እንደ መድኃኒት የሚጋተው ፕሮቲየስ ያለበት ሰው ግን ወደማይፈልገው አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ቢካርቦኔት በዛ ላይ ሶዲየም ነው፣ ደም ግፊት ላለባቸው እናቶቻችን በየጠዋቱ ማንኪያ ሙሉ መስጠት በራሱ ልክ አይደለም።

ምግቡን ቶሎ ልለፈው። እንጀራ ውስጥ ያለ አሸዋ ኩላሊት አይገባም፣ የዋጥነው አሸዋ በአንጀት አልፎ ነው የሚወጣው፣ ኩላሊት የሚያጣራው ደም ነው፣ ደም ውስጥ ደግሞ የጤፍ አሸዋ የለም። ይሄ ነገር ከልጅነታችን የሰማነው ስለሆነ ለመተው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ እናቴም እስከዛሬ ጤፍ ስታበጥር «ጠጠር ይሆንባችኋል» ነው የምትለው፣ ማበጠሯ ጥሩ ነው ለጥርሳችን፣ ለኩላሊት ግን አይገናኝም። ወተት ተዉ የሚለው ደግሞ ለካልሲየም ጠጠር እንኳን ስህተት ነው፣ ከምግብ ካልሲየም ሲቀንስ አንጀት ውስጥ ጠጠሩን የሚሠራውን ኦክሳሌት የሚይዘው ይጠፋና ጠጠሩ ይብሳል። የኢንፌክሽን ጠጠር ከቲማቲምም ከወተትም አይመጣም።

አሁን በጣም የምፈራው ላይ ደረስን፣ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አጥፉት የሚለው። እኔ የማየው ምን መሰላችሁ፣ አንዲት ሴት ሽንቷን ያቃጥላታል፣ ጎኗን ይወጋታል፣ መጀመሪያ ብርድ ነው ትላለች፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጬ ነው ትላለች፣ ሁለት ቀን ትታገሳለች፣ ከዛ ባሏ ባለፈው ሲያመው ከዋጠው ሲፕሮ የቀረ አምስት ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ታገኛለች፣ በሁለተኛው ቀን ማቃጠሉ ይተዋታል፣ ሦስቱን ፍሬ ለሚቀጥለው ጊዜ ታስቀምጣለች። ከወር በኋላ ይመለሳል። ሰው እንዳያያት ደግሞ፣ ሽንት ሲባል የአባላዘር በሽታ ነው ብለው እንዳያስቡባት፣ ጤና ጣቢያ ሳትሄድ ሰፈር ራቅ ካለ ፋርማሲ ሄዳ ሌላ ዓይነት ትገዛለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመት ይሞላል። የኢንፌክሽን ጠጠር ሴቶች ላይ የሚበዛው የሽንት ኢንፌክሽን ራሱ እነሱ ላይ ስለሚበዛ ነው፣ እና ይሄ የአጋዘን ቀንድ ያልኳችሁ ጠጠር ብዙ ጊዜ እንደ ትንሹ ጠጠር በሕመም ሰውን መሬት ላይ አያንከባልልም፣ ዝም ብሎ ነው የሚያድገው፣ ድካም፣ የጎን ክብደት፣ የሚመላለስ ማቃጠል፣ በቃ። ሕመሙ ሲብስ እሄዳለሁ ያለች ሴት ኩላሊቷ ሞልቶ ነው የምትሄደው።

ጽሑፉ ስም ጠርቶ ያዘዘው መድኃኒት ደግሞ ይብሳል። ቴትራሳይክሊን ፕሮቲየስ ላይ አይሠራም፣ ተለማምዶት አይደለም፣ ሲፈጠርም ጀምሮ የማይበግረው ነው። ለሽንት ኢንፌክሽን በብዛት የሚታዘዘው ናይትሮፉራንቶይንም እንደዛው፣ ለኢ ኮላይ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ፕሮቲየስ ግን በተፈጥሮው አይነካውም። አያችሁ አይደል፣ በጣም የምንፈራው ጀርም ቴትራሳይክሊን ስትውጡ ጓደኞቹ ሞተውለት ቦታው ለሱ ብቻ ይለቀቅለታል። ሲፕሮ ሊሠራ ይችላል፣ ላይሠራም ይችላል፣ በየመሳቢያው ሦስት ሦስት ፍሬ እያስቀረን ጀርሙን ስላለማመድነው የትኛው እንደሚሠራ የሚነግረን ካልቸር ብቻ ነው፣ ማለትም ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚያይ ምርመራ።

ስለ ካልቸር ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው መከላከሉ ያለው። ሽንት ኢንፌክሽን ሲመላለስባችሁ፣ በተለይ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ወይ ስኳር ካለባችሁ፣ ወይ እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ወይ ጠጠር ኖሯችሁ የሚያውቅ ከሆነ፣ ወይ አከርካሪያቸው ተጎድቶ ሽንታቸው ከፊኛቸው በደንብ የማይወጣ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ «ካልቸር ይሠራልኝ» በሉ። አንቲባዮቲክ ከመጀመራችሁ በፊት ነው የሚሰጠው፣ አንድ ፍሬ ከዋጣችሁ በኋላ ጀርሙ ላይበቅል ይችላል። መጀመሪያ የሚመጣውን ሽንት ትታችሁ መሀሉን ነው ላብራቶሪ በሚሰጣችሁ ንጹህ ዕቃ የምትቀበሉት። ሰው ሌሊት የሸናውን በመድኃኒት ጠርሙስ ቋጥሮ ከአጋሮ በመኪና ይዞ ይመጣል፣ ልፋቱ ያሳዝነኛል ግን አይሆንም፣ የቆየ ሽንት ውስጥ ጀርሙ በራሱ ጊዜ ይራባል፣ ፒኤቹም በራሱ ይወጣል፣ ውጤቱ ያሳስታል። እዛው ሰጥታችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መግባት አለበት። ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ተራው የሽንት ምርመራ ወረቀት ላይም ፒኤች የምትል መስመር አለች፣ ማንም አያያትም፣ ትኩስ ሽንት ሆኖ 8 ወይ ከዛ በላይ ከሆነና ኢንፌክሽን ካለ «ይሄ ጠጠር የሚሠራው ጀርም ይሆን? አልትራሳውንድ ልነሳ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁት፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ብዙ ሐኪም ደግሞ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ጎን ይዞ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ካልቸር ወረቀት እስኪደርስ ቤት አይጠበቅም፣ በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው፣ የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ያለ ኢንፌክሽን ወደ ደም ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ፍርፋሪው በራሱ ይወጣል የሚለው፣ ለካልሲየም ጠጠር ትንሽ ትንሽ ነገር ሊወጣ ይችላል፣ እውነት ነው። እዚህ ግን ፍርፋሪ ማለት ጀርም ያለበት ዘር ማለት ነው። እንክርዳድ ነቅሎ ሥሩን እዛው እንደተወ ገበሬ ነው የሚሆነው። ሐኪሞች ለዚህ ነው የኢንፌክሽን ጠጠር ሲያወጡ አንድም ሳይቀር ለማውጣት የሚታገሉት፣ ትልቁን በብዛት ከጀርባ ጎን በትንሽ ቀዳዳ ገብተው ሰባብረው ነው የሚያወጡት። አይነካ ብሎ መተውም መፍትሄ አይደለም፣ ብላንዲ እና ሲንግ የሚባሉ ሐኪሞች በፈረንጆች 1976 ባወጡት ሥራ የአጋዘን ቀንድ ጠጠሩ ሳይወጣላቸው ከቆዩት ሰዎች በ10 ዓመት ውስጥ 28 በመቶው ሲሞቱ ኦፕራሲዮን ከተደረጉት 7.2 በመቶ ነበሩ። የድሮ ቁጥር ነው፣ ሕክምናው ተሻሽሏል፣ ግን አንቲባዮቲክ ብቻ እየዋጥኩ ልኑር ለሚል ሰው አሁንም ልነግረው የምፈልገው ቁጥር ነው።

ከወጣ በኋላ ደግሞ መከላከሉ ገና መጀመሩ ነው፣ ጽሑፉ ይሄን ሙሉ በሙሉ ዘሎታል። የወጣው ጠጠር ራሱ ለካልቸር መላክ አለበት ምክንያቱም ጠጠሩ ውስጥ ያለው ጀርምና ሽንት ውስጥ የተገኘው ጀርም የሚለያዩበት ጊዜ አለ። ከምን እንደተሠራም ይመርመር። አንቲባዮቲኩ የታዘዘው ቀን እስኪያልቅ ይዋጥ። ከዛ በየወሩ ሁለት ወሩ ሽንት መመርመር፣ በወራት ልዩነት አልትራሳውንድ ወይ ራጅ፣ ማቃጠል ባይኖርም። ከመነሻው ሽንቱን ያገደው ነገር ካለ፣ ፕሮስቴትም ይሁን የጠበበ ቱቦ፣ እሱ ካልተስተካከለ ጠጠሩ ተመልሶ ይመጣል። ዩሪኤዙን የሚያግድ አሴቶሃይድሮክሳሚክ አሲድ የሚባል መድኃኒትም አለ፣ አንዳንዶች «ለምን አልተነገረንም» ይላሉ፣ ጠጠሩን ማውጣት ለማይችሉ ሰዎች የመጨረሻ ነገር ሆኖ ነው የሚቀመጠው፣ የደም መርጋት፣ መንቀጥቀጥ፣ የደም ማነስ ያመጣል፣ እርጉዝ አትወስደውም፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው አይወስደውም፣ ጂማ ፋርማሲ ውስጥም እኔ አይቼው አላውቅም።

የመጨረሻው ካቴተር ነው፣ የኔ የዕለት ሥራ። በዴቶል እጠቡ የሚለውን እባካችሁ አታድርጉት። ቱቦውን ከከረጢቱ በለያችሁት ቁጥር ለጀርም በር ትከፍታላችሁ፣ የካቴተር ትልቁ ጥበቃ ዝግ መሆኑ ነው። ውጭውን፣ ቱቦው የሚገባበትን ቦታ፣ በቀን አንዴ በሳሙናና በንጹህ ውሃ ማጠብ ይበቃል፣ ከመንካታችሁ በፊትም በኋላም እጃችሁን ታጠቡ። ከረጢቱ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ከታች ባለው መክፈቻ ይደፋ፣ መክፈቻው የሚደፋበትን ዕቃ ሳይነካ።

ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን፣ ግን መሬት አይንካ። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ባጃጅ ውስጥ ግን ተመልከቱ፣ አባቶቻችን ስለሚያፍሩ ከረጢቱን ከጋቢያቸው ሥር ደረታቸው ላይ ያቅፉታል ወይ ጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡታል፣ ከመርካቶ እስከ ሆስፒታል ድረስ ከረጢቱ ውስጥ የቆየው ሽንት ወደ ፊኛ ይመለሳል። ማፈራቸው ይገባኛል፣ ስለዚህ እኔ ሱሪያቸው ውስጥ እግራቸው ላይ የሚታሰረውን ትንሹን ከረጢት ነው የምመክራቸው፣ ካልተገኘ ጨርቅ ከረጢት ሰፍታችሁ ሸፍኑትና ከጉልበት በታች አንጠልጥሉት። ቱቦው የተጣመመና ሰው የተቀመጠበት እንዳይሆን በየሰዓቱ ማየት ነው።

አንቲባዮቲክ ሳያቋርጡ መዋጥ ለሚለው፣ ካቴተር ለረጅም ጊዜ ያለው ሰው ሽንት ውስጥ ጀርም መገኘቱ አይቀርም፣ ትኩሳት ወይ ሕመም ከሌለ በብዛት አይታከምም፣ ያለማቋረጥ የሚዋጠው ደካማውን ገድሎ ፕሮቲየስን ነው የሚያነግሠው። ይልቅ የመዘጋቱን ቀን ጻፉ! የአባባ ካቴተር በስንተኛው ሳምንት ተዘጋ? በአምስተኛው ከሆነ ቀጣዩ በአራተኛው ይቀየር፣ እስኪዘጋ አይጠበቅም። ከሲሊኮን የተሠራው ካቴተር ውስጡ ሰፋ ስለሚል ከላቴክስ ጎማ የተሠራው ቶሎ ለሚዘጋበት ሰው ይሻላል። ቶሎ ቶሎ የሚዘጋበት ሰው ፊኛው ውስጥ ጠጠር ይኖር እንደሆን መታየት አለበት፣ ሲወጣም ጫፉን እዩት፣ ነጭ ቅርፊት ካለው ለሐኪሙ ንገሩት፣ አትጣሉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ካቴተሩ የማያስፈልግ የሆነ ቀን ይውጣ፣ እንዲህ ነው እንዲያ ነው እያልን የምንከራከርበት ቱቦ ከሌለ የጀርሙ ትልቁ መንገድ ተዘጋ ማለት ነው።

የሂርማታው አባት ኦፕራሲዮናቸው ተሠርቶ ፕሮስቴቱም ጠጠሩም በአንድ ቀን ወጣላቸው። ባለፈው ሳምንት ስጠይቃቸው ሄጄ ልጃቸው ከመደርደሪያ ላይ ጠጠሩን በትንሽ ብልቃጥ አውጥታ አሳየችኝ፣ ለማስታወሻ ብለው ሰጥተዋት ነው፣ የቆሎ ባቄላ የሚያክል ግራጫ ነገር። «ልጣለው ወይስ ላስቀምጠው እህቴ?» አለችኝ፣ እስከዛ ሳይመረመር ነው የቆየው። ካልቸሩስ አሁን አልፎበታል አልኳት፣ ከምን እንደተሠራ ግን ደርቆም ይታወቃል፣ ሰኞ ለቀጠሮ ስትሄዱ ይዘሽው ሂጂ፣ ለሐኪሙ ስጪውና ይመርመርልን በይ አልኳት፣ የሽንት ምርመራውንም እዛው ስጡ፣ ወረቀቱ ሲመጣ ፒኤች የምትለዋን መስመር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።